ሙሐሲንን ያልያዘው ክትባት

ዘሊካ ከደጎሎ ወደ መካነ ሰላም የተዳረችው ገበያው ዳር ጨርቅ ለሚሸጠው ለሃሩን ነው። የሚኖሩት ከእናቱ ከኡምኩልሱም ጋር ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው በተመደቡበት ሰሞን የበኩር ልጇን ሙሐሲንን የኩፍኝ ክትባት አስከተበችው። ሲወጉት ክንዱን አጥብቃ የያዘችው ራሷ ናት።

ሙሐሲን ድክ ድክ ማለት እንደ ጀመረ ኩፍኝ ከተማዋን አዳረሰ። አብረውት የተከተቡት የጎረቤት ልጆች ተረፉ፤ እሱ ሞተ።

"አልወሰደችውም እንጂ ቢከተብማ መች ይሞት ነበር!" አሉ ኡምኩልሱም፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

ዘሊካ ሁለተኛውን አርግዛ ነበር። ስሟ እንዲጸዳላት ባሏን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ጤና መኮንኑ ደሳለው ሁለቱንም አስቀምጦ አስረዳቸው።

"ልጁ ተከትቧል፤ መድኃኒቱም ደህና ነበር። ግን ክትባት የማይዘው ልጅ አይጠፋም። ሰውነት በሽታን የሚለይበት ነገር ከእናትም ከአባትም ይወረሳል፤ አንዳንዱ ልጅ የወረሰው ለክትባቱ ይሰንፋል። የሙሐሲን ይኼ ነው ብዬ አልምልም፤ ሊሆን ግን ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ሲከተብ ግን ብዙውን ልጅ ክትባቱ ይይዘዋል።"

ሃሩን ቤት ገብቶ ለእናቱ የነገራቸው "በዘር ነው አሉ" ብሎ ብቻ ነው።

"በኛ ወገን ኩፍኝ የገደለው የለም" አሉ ኡምኩልሱም። "ሳናጣራ ነው ያገባናት።"

በዚያ አገር ዘር የሚጣራው ከኒካህ በፊት ነው። ያን ጊዜ ግን ልጅ ከተቀበረ በኋላ ሽማግሌ ወደ ደጎሎ ተላከ። የሃሩንን ወገን የጠየቀ የለም። የተላኩት ሸህ መሐሙድ ተመልሰው፣ "አክስቷ በልጅነቷ ኩፍኝ ወስዷታል" አሉ።

"ያኔ ክትባት መች ነበረና?" አለች ዘሊካ።

"አንቺ ደግሞ ሐኪም ሆንሽልና!" አሉ ኡምኩልሱም። ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ። ሃሩን አቀረቀረ። ወሩ ሳያልቅ ኒካሁ ፈረሰ።

ጓዟን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ የሸኛት እሱው ነው። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

"የሚወለደውን አንዴ አስከትበሽ እንዳትተይ። ዘመቻ ሲመጣ ይደገም። ከኔም ወርሶ ሊሆን ይችላል፣ ብሎ የለ ሐኪሙ።"

ዘሊካ አተኩራ አየችው። ከደሳለው ቃል አንዲት ያመለጠችው የለችም።

"ይኼን ለእናትህ ለምን አልነገርካቸውም?"

ሃሩን እጁን ከመስኮቱ ላይ አነሳ። ረዳቱ በሩን ዘጋ።