አደራ ያልኩት ችካል

ቅዳሜ ዶዮገና ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሟቹን የማውቃቸው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው... ግን ካልሄድኩ ህሊናዬ አይለቀኝም ብዬ ሄድኩ። እዚያ የሰማሁትን እስካሁን ለማንም አላወራሁም። ለእናንተ ልጻፈው።

የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ክረምቱ ሲገባ መምህራችን ስድስታችንን ይዞን ዶዮገና ፊልድ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድንኳን ውስጥ! እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ ገጠር ለእኔ ምን አላት እያልኩ ስጎርር፣ በመጀመሪያው ዝናብ ድንኳኔ ላዬ ላይ ወደቀ። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሙድ ያዙብኝ።

የሰፈርነው ጋሽ ላሬቦ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ጫፍ ላይ ነው። መሬቱን መስጠታቸው ሳያንስ በየቀኑ ቆጮና ጎመን ይልኩልን ነበር። ባለቤታቸው እማማ ታደለች እንሰት ሲፍቁ ከበን ቁጭ ብለን በጥያቄ እናደርቃቸዋለን። «ዩኒቨርሲቲ ይሄን አያስተምርም እንዴ?» እያሉ ይስቁብናል። እውነቴን ነው፣ ከድንጋዩ ይልቅ ከእሳቸው ብዙ ተምረናል።

በአራተኛው ቀን ከቤታቸው በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ እንሰቱ መሀል መሬቱ ተሰንጥቆ አገኘሁት። እጄ ይገባል። መምህሩን ጠራሁት። አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«እየሰፋ ከሆነ ይሄ ተራራ ቤቱ ላይ ነው የሚመጣው» አለ። «እንደዛ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳልል ቀበሌ ሄጄ እንዲያስነሷቸው አደርጋለሁ። የቆየ፣ የቆመ ስንጥቅ ከሆነ ግን ሰውን በግምት ከቤቱ አናፈናቅልም። ለካው።»

ከስንጥቁ በላይ አንድ፣ በታች አንድ ችካል ተከልኩና በመሀላቸው ሲባጎ ወጠርኩ። አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲም። ከዚያ ለአስር ቀን ወደ ሀደሮ በኩል ልንሄድ ነው። ስንመለስ ርቀቱ ከጨመረ መሬቱ እየሄደ ነው ማለት ነው፣ አለቀ።

ልንሄድ ስንል ጋሽ ላሬቦ መጡ። «ይሄ ለምንድን ነው ልጄ?»

ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይላል፣ ሹፌሩ ጡሩምባውን ያንባርቀዋል። አሁን ማን ቆሞ ያስረዳል...

«ለጥናት ነው ጋሼ። አደራ፣ እንዳይነቃነቅ። ልክ እንዲህ እንዳለ ይጠብቁልኝ» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን አነሱ። «ጌታ ያውቃል፣ ማንም አይነካውም። ሂዱ፣ ተባረኩ» አሉ።

በአስረኛው ቀን ስንመለስ ዕቃ ሳላወርድ ነው ሮጬ የወጣሁት። ስንጥቁን በአፈርና በእንሰት ቅጠል ሞልተውታል፣ ጥጃ እግሩን እንዳይሰብር ብለው። ችካሎቹ ግን ቆመዋል። ለካሁ። አንድ ሜትር ከሃያ። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው!

ጋሽ ላሬቦ አጠገቤ ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። «እንዴት ነው? ልክ ነው?»

«ልክ ነው ጋሼ! ንቅንቅ አላለም!»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «ተመስገን» አሉ። ለቤታቸው ሰግተው የነበረ መስሎኝ እኔም ደስ አለኝ። መምህሩም ቀለል አለው። ደብተሬ ላይ በትልቁ «እንቅስቃሴ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ድንኳናችንን ስንነቅል ድንች በማዳበሪያ ሞልተው ሸኙን።

ወሩ ሳይሞላ ተራራው መጣ።

ሦስት ቀን ሲዘንብ ከርሞ እሁድ ጠዋት ነው አሉ። እማማ ታደለች ልጆቹን ይዘው ቸርች ነበሩ። ጋሽ ላሬቦ ላሟ ልትወልድ ስለሆነ ቤት ቀርተዋል። ቤቱም፣ ላሟም፣ እሳቸውም...

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስገባ እማማ ታደለች ገና ከሩቅ አወቁኝ። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እኔ መሬቱ ሸወደን፣ ድንገት ተነሳ ብዬ ነበር ራሴን ያጽናናሁት።

«ልጄ፣ እንኳን መጣህ» አሉኝ። «አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር። እሱ አደራህን አልበላም።»

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ያ ገመድህ ይወጠራል፣ ችካሉ ይጎተታል። ልጆቹ ናቸው የነኩት ብሎ ገረፋቸው። ቀጥሎ ጥጃውን አሰረው። አሁንም ይሄዳል! በገመድህ ልክ ቀርከሃ ቆርጦ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እየወጣ በሱ እየለካ ችካሉን ይመልስልሃል። ‹ልጁ ሲመጣ እንደተወው ማግኘት አለበት› ይላል። አስሩንም ቀን! አንድ ቀን አላጓደለም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

እማማ ታደለች እጄን አልለቀቁም። ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። «ልክ አገኘኸው አይደል?»

ምን ልበላቸው? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«አዎ እማማ... ልክ ነበር።»

«ተመስገን» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ።

መሬቱ ሲሄድ በየቀኑ በዓይናቸው ያዩት ጋሽ ላሬቦ ነበሩ። እኔ ደግሞ ያዩትን እንዲነግሩኝ ሳይሆን ችካሉን እንዳለ እንዲጠብቁልኝ አደራ ብያቸው ሄድኩ።

እሳቸው አደራ አልበሉም። የበላሁት እኔ ነኝ።