የእትዬ ዘይነባ ፍልፈል

ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስንነሳ መኪናችን ውስጥ አምስት ነፍስ ነበርን፤ እኔ፣ ሾፌሩ ብርሃኑ፣ አንዲት ኤሊ፣ አንዲት እስስትና አንድ መርዝ የሌለው እባብ። ሥራዬ ይኸው ነው። ልጆች በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቋቸውን የዱር እንስሳት በሕይወት እያሉ ክፍላቸው ድረስ አመጣላቸዋለሁ። በዚህ ጉዞ መጀመሪያ ወልቂጤ፣ ቀጥሎ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ይጠብቁናል። ገጠር ገብቼ ሳስተምር የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስታው እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር ያደርኩት።

ብርሃኑ የወልቂጤ ልጅ ነው። አይሱዙ እንኳ መንገድ የማያስለቅቀው ደፋር ሾፌር ነው፤ ግን የእባቡ ሣጥን ላይ ሁለተኛ ገመድ ካልታሰረ ሞተር አላስነሳም አለ።

«መርዝ የለውም እኮ» አልኩት።

«እኔም የለኝም። አንቺ ብቻ እሰሪው።»

አሰርኩት።

ወልቂጤ

ከተማዋ በባጃጅ ጩኸት ተቀበለችን። ምሳ ክትፎ በቆጮ በላን፤ ብርሃኑ «አገሬ ላይማ አትከፍዪም» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሒሳቡን ዘጋ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ደረስን። ኤሊዋን በታላቅ እልልታ የተቀበሉ ልጆች እስስቷ ስትወጣ ድንገት ጸጥ አሉ። ቀና ብዬ ሳይ ክፍሉ ሙሉ አፉን በመዳፉ ከድኗል።

«ምን ሆናችሁ?»

«ቲቸር፣ ጥርስ ከቆጠረች ይረግፋል!» አለ አንዱ በጣቶቹ መካከል።

እስስቷን ፊቴ ላይ አስጠግቼ ጥርሴን በሙሉ ገለጥኩላት። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ጥርሴ አልረገፈም። ይልቅ አንዲት ዝንብ ጠረጴዛው ላይ አረፈች፤ የእስስቷ ምላስ ተወረወረ፤ ዝንቧም የለችም። ያን ጊዜ የተነሳው ጩኸት ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። አፉን የያዘ አንድም ልጅ አልነበረም። «ድገሚያት! ድገሚያት!» ይሉኛል፣ እኔ የዋጥኳት ይመስል።

ተራራውን ተሻግረን

በማግስቱ የጉራጌን ተራሮች አቋርጠን ወደ ቡታጅራ ወረድን። ከላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ እስስቷ እንኳ ጠቁራ ተኮራምታ ስለነበር ሣጥኗን በጋቢዬ ጠቀለልኩት። በየቤቱ ዙሪያ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። ዝቅ እያልን ስንመጣ አየሩ ሞቀ፣ በየግቢው የተሰጣ በርበሬም መታየት ጀመረ። ብርሃኑ መስኮቱን ከፍቶ ሲያስነጥስ እኔ ስስቅ ቡታጅራ ገባን። እዚያው አደርን።

መስቃን

ሐሙስ ጠዋት ከጋሪዎች ጋር እየተጋፋን ወደ ገጠሩ ትምህርት ቤት ሄድን። ቀደም ብዬ ለሳይንስ አስተማሪው ስልክ ደውዬ፣ ልጆቹ የአካባቢያቸውን እንስሳት ምልክት ይዘው እንዲመጡ ነግሬው ነበር። ላባ፣ እሾህ፣ የእባብ ቅርፊት ማለቴ ነው። እውነትም የጅግራ ላባና የጃርት እሾህ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። መጨረሻ ላይ ረምላ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ክዳን ያለው ባልዲ አቅፋ መጣች።

«የሱን ምልክት ስላላገኘሁ ራሱን አመጣሁት» አለች።

ባልዲው ውስጥ በሕይወት ያለ ወፍራም ፍልፈል ተቀምጧል! እኔ ስንት ዓመት ስለ ፍልፈል ሳወራ እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ከልጆቹ ቀድሜ የጮህኩት እኔ ነኝ።

የመጣበትን ነገር ግን ረምላ ስትነግረን ድምፄን ቀነስኩ። እናቷ እትዬ ዘይነባ አዲስ አበባ የሚነግዱት ልጆቿ ለአረፋ ሲመጡ የምትፍቀው አንድ ትልቅ እንሰት ነበራት። ስንት ዓመት የተጠበቀ እንሰት ነው። ፍልፈሉ ከሥር ገብቶ አምቾውን፣ ማለትም ሥሩን፣ ቦረቦረው፤ ላዩ ለምለም እንደሆነ ድንገት ወደቀ። እናቷ ወጥመድ ዘርግታ ጌታ ፍልፈልን ያዘችው። ልትገድለው ስትል ረምላ ለትምህርቱ ብቻ ለምና፣ መልሳ ልታስረክብ ቃል ገብታ ነው ያመጣችው።

ትምህርቱን ጀመርኩ። የበርበሬ ፍሬ የምታክል ዓይኑን አሳየኋቸው። ከንፈሩ ከጥርሱ ኋላ ስለሚገጥም በጥርሱ ሲቆፍር አፈር እንደማይገባበት ስነግራቸው ሁሉም ከንፈራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው በጥርሳቸው ለመቆፈር ሞከሩ። «እያንዳንዱ እንስሳ ሥራ አለው» አልኩ በሙሉ ልቤ፤ «ፍልፈልም አፈር ይገለብጣል።»

«አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። እትዬ ዘይነባ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እጇ ላይ ዱላ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ እትዬ።»

«ሥራ አለው አልሽ፣ የኔ ልጅ። አፈሩን ይገልብጥ፣ ማን ከለከለው? የኔ እንሰት ግን ምን አደረገው?»

ልጆቹ «እንልቀቀው! እንልቀቀው!» ይላሉ፤ እኔም ልቤ ከነሱ ጋር ነው። ግን በወደቀው እንሰት ላይ ምን መብት አለኝ? ለረምላም ፈራሁላት። እሷ አልለመነችም። እንባዋ እየወረደ ክዳኑን ገጠመች፣ ባልዲውን ተሸክማ እናቷ እግር ሥር አስቀመጠች።

«ቃሌ ነው እማ። ይኸው።»

እትዬ ዘይነባ ልጇን አየቻት። ክዳኑን አንስታ ፍልፈሉንም ትክ ብላ አየችው።

«እስቲ ያን ጥርሱን ለእኔም አሳዪኝ» አለችኝ። አሳየኋት። «ማሻአላህ። ወላሂ፣ በዚህ ጥርስ ነው እንዲህ ያረገኝ?» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። «ከወንዙ ማዶ፣ ሣር ብቻ ያለበት ጉብታ ላይ ልቀቁት። የማንም እንሰት አጠገብ ብትለቁት ግን እናንተን ነው የምይዘው!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልጻፈው? ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጣ። ረምላ ባልዲውን ይዛ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ወንዙን ተሻገርን። ብርሃኑ እንኳ ጫማውን አውልቆ መጣ። ጉብታው ላይ ረምላ ባልዲውን አጋደመች። ፍልፈሉ አፍንጫውን አነቃነቀ፣ ሣሩን በጥርሱ ነከሰ፣ ከዚያ ዓይናችን እያየ ወደ መሬት መስጠም ጀመረ። አፈሩ ወደ ኋላ ይረጫል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እኔም እጮሃለሁ። ጅራቱ ሲጠፋ ከቦ የቆመው ሁሉ አጨበጨበ። ዱላዋን ተደግፋ የቆመችው እትዬ ዘይነባ ብቻ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ «በል፣ እዚሁ ቅር» አለችው።

መልስ

ልንሄድ ስንል እትዬ ዘይነባ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ነገር በመስኮት አቀበለችኝ። «እሱ ካስተረፈልኝ የቀቀልኩት ነው። መንገድ ላይ ብሉ» አለችን። አላህ ያክብርልን፣ ይስጥልን ብለን ተሰናበትን። የቡኢን ከተማ አልፈን አዲስ አበባ እስክንገባ ብርሃኑ ስለ ፍልፈል ብቻ አወራ፤ የእባቡንም ገመድ ረስቶታል።

ቤቴ ገብቼ እንስሳቱን ካበላሁ በኋላ ጥቅሉን ፈታሁት። ነጭ፣ ለስላሳ የአምቾ ቁራጭ ነው፤ የተነከሰውን ጎን በቢላ አስተካክላ ቆርጣዋለች። እንስሳ ይከበር ብሎ ማስተማር ምንም ላልተበላበት ሰው ቀላል ነው። ያን ቀን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የከፈለችው ግን እትዬ ዘይነባ ናት። ቁራሹን በሚጥሚጣ በላሁት። ይጣፍጣል። አረፋ ገና አልደረሰም፤ ልጆቿም ገና አልመጡም።