ከሃምሳ ሃያ ሰባት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ የተነሣነው በጠዋት ነው። የሚኒባሱ ሞተር ሳይሞቅ የእኔ ራስ ሞቆ ነበር። በማግስቱ ሰመራ ላይ የስታቲስቲክስ ፋይናል አለብኝ፤ የመጨረሻዬ ኮርስ ናት። ሲ ካመጣሁ ከጓደኞቼ ጋር ጋወን እለካለሁ። ካላመጣሁ ኮርሱ እስኪመለስ ዓመት እጠብቃለሁ፣ ያውም ብቻዬን።

አሥራ ሁለተኛን በግሌ አጥንቼ የተፈተንኩ፣ ዲግሪውንም በርቀት የምማር ሴት ነኝ። ሞጁሌን የምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስደግፌ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስንቱን ምዕራፍ ጨርሻለሁ! ይቺ ስታቲስቲክስ ግን እምቢ አለችኝ።

ለሲ ከመቶ ሃምሳ ያስፈልጋል። ሚድ ላይ ከሠላሳ አሥራ አራት አለኝ። አሳይመንቱ ከሃያ ነው፤ ውጤቱ አልተነገረንም። ፋይናሉ ከሃምሳ። ለአሳይመንቱ አሥራ አምስት ቢሰጠኝ ከፋይናሉ ሃያ አንድ ይበቃኛል። አሥራ ስምንት ቢሰጠኝማ አሥራ ስምንት! መምህሩ ደስ ብሎት ያረመ ቀን ቢሆንስ? ስልኬን አወጣለሁ፣ ኔትወርክ የለም። እመልሰዋለሁ። እንደገና የሞጁሉ ጀርባ ላይ እደምራለሁ።

አጠገቤ ሎጊያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሴት ተቀምጠዋል። እስክሪብቶዬን ሲያዩ ቆይተው፣

«አንቺ ልጅ፣ ገዋኔን አለፍን እኮ። አንድ ገጽ ገለጥሽ?» አሉኝ።

«ስንት እንደሚያስፈልገኝ ሳላውቅ እንዴት ላንብብ፣ እናቴ?»

«ትንሽ ከሆነ ትንሽ ልታነቢ ነው?»

ሳቅኩ እንጂ አላቆምኩም።

አዳይቱ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። የክፍል ተወካያችን ውጤቱን ግሩፓችን ላይ ለጥፎታል። የእኔን ፈለግኩ። ዘጠኝ። ከሃያ ዘጠኝ! ያለኝ ሃያ ሦስት ነው ማለት ነው፤ ከፋይናሉ ሃያ ሰባት ላመጣ ነው። በዚህ ኮርስ ግማሽ እንኳ አግኝቼ አላውቅም።

«እዚሁ ልውረድ» አልኩ፣ የምሬን።

ሴትየዋ እስክሪብቶዬን ቀምተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ድምሩ አለቀ። በይ፣ ካልገባሽ ውስጥ አንዱን ለእኔ አስረጂኝ።»

«ሚዲያን የሚባል አለ» አልኳቸው። «የመኪናውን ሰው በዕድሜ ቢያሰልፉት መሃል ላይ የሚቆመው ነው።»

«ሾፌሩ ይቆጠራል?»

ዞር ዞር ብዬ ቆጠርኩ። ተሳፋሪው አሥራ አንድ ነው፤ መሃል የሚቆመው አንድ ሰው። ሾፌሩ ሲጨመር ግን መሃል ላይ ሁለት ሰው ሆነ። ሚድ ላይ እኮ የሳትኩት ይሄንን ነው! ከሁለቱ አንዱን መርጬ ነበር የጻፍኩት። ሞጁሉን ገለጥኩ፤ ሁለቱን ደምረሽ ለሁለት አካፍዪ ይላል።

«እኔን ተዉኝ፣ መኪናዬን ልንዳ!» አለ ሾፌሩ።

እስከ ሎጊያ ሲጠይቁኝ፣ እኔም መልሱን ባጣሁ ቁጥር ሞጁሉን ሳገላብጥ ሄድን። ሲወርዱ የምሠራበትን ሆቴል ስም ጠይቀው እስክሪብቶዬን መለሱልኝ። «ኢንሻአላህ ታልፊያለሽ። ካላለፍሽ ጥፋቱ የእኔም ነው።»

በማግስቱ ሁለተኛው ጥያቄ አሥር ቁጥሮች ደርድሮ ሚዲያኑን ፈልጉ ይላል። ሾፌሩን ቆጠርኩና የመሃሉን ሁለት ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ።

ጋወን በተለካሁ ሰሞን አንድ አውቶቡስ ለምሳ ሆቴላችን በር ላይ ቆመ። ሴትየዋ ዕቃ ሊያመጡ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ኖሯል። ገና ሳይወርዱ በመስኮት፣

«ሃያ ሰባቷ መጣች?» ብለው ጮኹ።

ጭልፋዬን እንደያዝኩ ከወጥ ቤት ሮጥኩ። «ሠላሳ አንድ!»

«አልሐምዱሊላህ! አራቱን ትርፍ ምን ልታደርጊው ነው?»

«አሳይመንቴን ላረመው መምህር እልክለታለሁ» አልኳቸው። «ቸግሮት ነው መሰለኝ።»