ማንም ሳይቀምሰው የበሰለ አሉማ

ልጃችን ያገባችው ደብረ ሲና ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ በየቀኑ ትደውል ነበር። «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች። እናትየው ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያላት፦ «አባትሽን ለማን ትቼ?» እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ጡት ልጅ ሞግዚት ሲፈለግለት መስማት ደስ አይልም።

እውነቱን ካወራን ግን ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። እኛ የሸዋ ሮቢት ሽማግሌዎች ሽንኩርት እንተክላለን፣ ማሾ እንዘራለን፣ ለውሃ ተራ በቦይ ላይ እንጣላለን፤ የድስት ክዳን ግን አናነሣም። ለወንድ ነውር ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ጎመኑን ከጓሮ ቀጥፌ እስከ በሩ አደርሰዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የምንገናኘው ወጥ ሆኖ ሲመጣ ነው።

ጎረቤት አታበላህም ወይ ትሉ ይሆናል። ያን ጊዜ የእኛ ዓቢይ ጾምና የሙስሊሞቹ ረመዳን ገጥመው ነበር። ጎረቤታችን ሙስሊም ናት፣ ደግ ሴት። «እትዬ፣ እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ ማታ ማታ ሾርባ አመጣላቸዋለሁ» ብላ ነበር። ሾርባዋ ሥጋ አለበት። እኔ ደግሞ ሥጋ የምቀምሰው ፋሲካ ሲመጣ ነው።

አንድ ጠዋት ልጅቷ በስልኩ ውስጥ አለቀሰች። አላስቻለኝም።

«ሂጂ» አልኳት ሚስቴን። «እኔ አበስላለሁ።»

«አንቱ?»

«እኔ።»

ብዙ ሳቀች። ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና፣ «እንግዲያው ዛሬ ሠርተው ያብሉኝ» አለች። «እኔ ከዚህች የኒም ዛፍ ሥር አልነሣም፣ አንድ ቃልም አልተነፍስም። ሰሃኑን ከጨረስኩ በአሥር ሰዓቱ መኪና እሄዳለሁ። እጄን ከመለስኩ ግን እቀራለሁ፣ ልጅቷም የአማቷን እጅ ትልመድ።»

እንጀራውን ለሳምንት ጋግራ መሶቡን ሞልታዋለች። የቀረኝ ወጡ ብቻ ነው። ከጓሮ ጎመን ቀጠፍኩ፣ አነሰኝ። ማዳበሪያ ከረጢቴን ይዤ ወደ ቦዩ ወረድኩ። በዚያ በጋ ምድሩ ሁሉ ሲነድ አሉማ የሚሉት የዱር ጎመን በውሃው ዳር ሳይዘሩት ይበቅላል። እናቴ ክፉ ቀን ያሳለፈችን በእሱ ነው። የዛሬ ሰው አረም ነው ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ሽንኩርት የሚኮተኩቱ ልጆች ጎንበስ ብዬ ስለቅም አዩኝ።

«ጋሼ፣ ለፍየል ነው?»

«ለሚስቴ ነው።»

«ምን አደረጉዎት?»

መድኃኒት ካልተረጨበት በኩል ለጋ ለጋውን መርጬ ከረጢቱን ሞላሁ።

ቅጠሉን አጥቤ፣ ሽንኩርቱን እያለቀስኩ ከትፌ፣ በዘይት አቁላልቼ ሁሉንም ትልቁ ድስት ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ድስቱ እስከ አፉ ሞላ። ክዳኑ አልገጥም ቢለኝ ድንጋይ ጫንኩበት። ቆይቼ አሰብኩ፦ ይህን የሚያህል ድስት ስንት ጨው ይበላል? ለሙሉ ድስት ይበቃል ያልኩትን፣ ሁለት እፍኝ፣ በተንኩና መልሼ ከደንኩት።

ጥቂት ቆይቼ ከፈትኩ። ቅጠሉ የለም! ከታች፣ ከድስቱ ቂጥ ላይ፣ አንድ ጭብጥ የምታህል ጥቁር አረንጓዴ ነገር ተጋድማለች።

«ማነው ይህን ድስት የከፈተው?» ብዬ ጮህኩ።

ሚስቴ ቃል አልተነፍስም ብላለች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዶሮዎቹን አየሁ። ፍየሏን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። በጩኸቴ ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ አለች።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ተሰረቅኩ። እስከ አፉ ሞልቼው ነበር።»

መጥታ ድስቱን አየች። «ሱብሃነላህ! ጋሼ፣ ቅጠል እኮ ነው። እሳት ሲያይ ይከሳል።»

ዕድሜ ልኬን ጎመን ስበላ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ያን ጊዜ ጨው ትዝ አለኝና፣ «እስቲ ቅመሽልኝ» አልኳት።

«ጾመኛ ነኝ እኮ።»

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። እሷም ጾመኛ ናት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይነካት። እኔም እንደዚያው። አንድ ድስት ከብበን ሦስት ሰዎች ቆመናል፣ የሚቀምስ የለም። ጎረቤቴ ዝቅ ብላ አሸተተችው። ሴቶች ጨውን በማሽተት ያውቃሉ መሰለኝ፣ ፊቷ ትንሽ ተጨማደደ። ሚስቴን አየቻት፣ ሚስቴም አየቻት። «አላህ ያግዛችሁ» ብላ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ ሥርዓቱ አስታጠብኳት። ሁልጊዜ እሷ እንደምታደርገው እኔ ቆሜ፣ እሷ ተቀምጣ። የመጀመሪያውን ጎረሰች። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ቀስ ብሎም ውሃ ሞላበት። ስለ ልጅቷ አስባ ነው አልኩ። ሁለተኛውን ጎረሰች። እንጀራውን እጥፍ ድርብ እያደረገች ፍጥን ፍጥን ብላ በላችና ሰሃኑን አጸዳችው። እንዲያ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ደረቴ ተነፋ።

ጓዟ ለካ ከሦስት ቀን በፊት ተቋጥሮ ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል፣ የአጥሚቱ እህል ሳይቀር። ተሸክሜ መንገድ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ አየሁ፦ የአንዱን ተሳፋሪ የፕላስቲክ ውሃ ተቀብላ አንጋጣ ትጠጣለች፣ ጠርሙሱ ይጨማደዳል። የቆላ ሙቀት ነው አልኩ።

ቤቴ ተመልሼ የተረፈውን አቅርቤ ጎረስኩ።

ከመሶቡ እስከ ውሃ እንስራው ስንት እርምጃ እንደሆነ አላስታውስም፤ መሮጤን አስታውሳለሁ።

ማታ ደወለች። «ደርሻለሁ። ምጡ ጀምሯታል።»

«ወጡ ጨው መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃል አልተነፍስም ብዬ የለ?»

ሊነጋ ሲል አያት ሆንኩ፤ ሴት ተወለደች።

ያንን ድስት ልደፋው አልኩና አሳዘነኝ። ጠዋት ከቦዩ አዲስ አሉማ ለቅሜ ጨመርኩበት፤ በጣም ጨው ነው። በማግስቱ ጎመን ጨመርኩ፤ አሁንም ጨው ነው። በየቀኑ ጨው ሳልነካ ቅጠልና ውሃ ብቻ እየጨመርኩ፣ እያፈላሁ፣ ስበላ ሰነበትኩ። በአምስተኛው ቀን ደህና ወጥ ወጣው። ያን ዕለት ሚስቴ ደወለች።

«ዛሬ ምን በሉ?»

«ያንኑ።»

«እስካሁን አላለቀም?»

«ጨዉ ገና አለ።»

ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳቀች፤ ሕፃኗም ከበስተኋላ ስትጮህ ይሰማኛል። «በሉ እንግዲህ» አለችኝ፣ «ጨዉ ሲያልቅ ይደውሉልኝ፣ እመጣለሁ።»