የጉማራ ግብጦ

ከምሠራበት ጎማ ቤት ፊት ለፊት፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ፣ አንዲት ሴት ግብጦ ትሸጣለች። ትናንት ሳልፍ ጥቂት ፍሬ እጄ ላይ አፈሰሰችና «ቅመሰው፤ ከመረረህ አትግዛ» አለችኝ። ወዲያው አልቀመስሁትም። እህቴ ትዝ አለችኝ።

ይታይሽ ታላቄ ናት። እታለም ነው የምላት። ነበር የምላት። ከዐረብ አገር የተመለሰችው ኩላሊቷን ታማ ነው፤ እኛን ያስጨነቀን ግን አፏ ነበር። ምንም አይጣፍጣትም። እናቴ በቅቤ ያራሰችውን የገብስ ቂጣ እንኳ አንዴ አኝካ ታስቀምጠዋለች። «ምን ምን ይልሻል?» ስንላት «ወረቀት» ትላለች። ሳትበላ እንዴት ትድናለች? ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ እናቴ ደግሞ ወንዛዬ ፍል ውሃ ትሂድልኝ አለች። ወሩ ጥር ነበር፤ ትምህርት ተዘግቶ ስለ ነበር አብሬያት የምሄደው እኔ ሆንሁ።

ከጋይንት በማለዳ ተነሣን። ጉና ሥር ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ደብረ ታቦርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ተሳፋሪው ጋቢውን ማውለቅ ጀመረ፤ ሐሙሲት ስንደርስ እኔ በሸሚዝ ቀርቻለሁ። እታለም ግን ጋቢዋን እንደ ተከናነበች ናት።

ወንዛዬ ቤት ያከራዩን እትዬ ጠጄ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ግብጦ ቆልተው፣ በጆንያ አድርገው፣ ጉማራ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈዋል። ግብጦ ወራጅ ውሃ ለቀናት ካላጠበው ምሬቱ አይለቅም።

«ጧት ጧት ወርዳችሁ ቅመሱልኝ፤ የእኔ ጉልበት ቁልቁለት ጠልቷል» አሉን።

«በእኛ ቀበሌ አይዘራም፤ አናውቅበትም» አልኋቸው።

«የጋይንት ሰው ከገብስ ሌላ ምን ያውቃል! ምላስ የለህም?»

በማግስቱ ወረድን። ጆንያው በድንጋይ ተጭኖ ውሃው በላዩ ይሄዳል። አንድ ፍሬ አውጥቼ ከነልጣጩ ነከስሁት። እንዴት ልበለው፣ ምሬቱ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። ተፍቼ አፌን በወንዙ ስጉመጠመጥ እታለም የራሷን ፍሬ ቀስ ብላ አኝካ ዋጠችው።

«ደኅና ነው» አለች።

የምትቀልድ መሰለኝ። ፊቷን ሳየው አልቀለደችም።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንወርዳለን። እኔ እተፋለሁ፣ እሷ ትውጣለች። ግብጦው ግን ቀን በቀን ምሬቱ እየቀነሰ ሄደ። ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘኝ። የእሷ አፍ ሳይመለስ ውሃው ምሬቱን ሊጨርሰው ነው። ለማንም አልተናገርሁም። ጆንያውን ወራጁ ወደማይበረታበት ዳር ሳብ አደረግሁት፤ ቀስ ብሎ እንዲታጠብ።

አንድ ጧት ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አንድ ፍሬ ነከሰች። ቆየች። ከንፈሯ ተጣመመ።

«ውይ! ይመራል!» ብላ ተፋችው።

«ምን አልሽ?»

«ይመራል አልሁህ፣ ደንቆሮ! ይሄን ነው እንዴ ስታበላኝ የከረምኸው?»

ጮህሁ። እትዬ ጠጄ እባብ የነደፈን መስሏቸው፣ ያን ቁልቁለት የጠላውን ጉልበት ረስተው፣ በትራቸውን ይዘው ወረዱ። «መረራት! መረራት!» አልኋቸው። ጥቂት አዩንና እልልታውን አቀለጡት። ቀጥለው «ግብጦዬ መረረ ብሎ የሚጨፍር ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ። እታለም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጆንያውን ወደ ወራጁ መለስሁት። ምሬቱ ሲለቅ እትዬ ጠጄ ልጣጩን በጥርስ እየገፈፉ መብላት አስተማሩን። ለውዝ ለውዝ ይላል፤ ግን ከለውዝ ይለሰልሳል። እታለም እፍኙን ጨርሳ እጇን እንደ ገና ዘረጋች። ስንመለስ ጉና ሥር ሳይቀር መኪናው ውስጥ ስትበላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ደኅና ሆነች። ከዚያ እንደ ገና ታመመች። ባለፈው ክረምት ዐረፈች። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ትናንት ሴትዮዋ ዐይን ዐይኔን ስታየኝ አንዱን ላጥሁና አኘክሁት።

«መረረህ እንዴ?»

«የለም፤ በደንብ ታጥቧል» አልኋትና ገዛሁ።

እየላጥሁ ወደ ሥራዬ አዘገምሁ። ሁሉም ይጣፍጣል። የጎማ ቤቱ በር ላይ ስደርስ፣ ውሃው እንዴት እንደ ሳተው እንጃ፣ አንድ የመረረ ፍሬ ነከስሁ። ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ።

አልተፋሁትም።