የእትዬ አራባ እንግዳ

በሴኮንዲ ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ሆኖ ተደብቆ መውጣት አይቻልም፤ እትዬ አራባ አለቻ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ ናት። ዓይኗ በር በሩን ነው። አዲስ ፊት ካየች ከስብከቱ በፊት ብድግ ብላ "እንግዳ አለን!" ትላለች። እንግዳው ይቆማል፣ ስሙን ይናገራል፣ ጉባኤው እየዘመረ አንድ በአንድ ይጨብጠዋል። ዓይን አፋር ከሆነ አለቀለት። ከመዘምራን ወንበር ሆኜ ስንቱን ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ።

ችግሩ፣ የተጨበጠ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ወጣቱ ፓስተራችን ይህን ታዘበና አንድ ቀን ያዛት።

"እትዬ አራባ፣ ከፋሲካ ወዲህ ካስቆሟቸው አንድ እንኳ ተመልሷል?"

"ካልተመለሱ እኔ ምን ላድርግ? ስብከትም እኮ አለ!"

ፓስተሩ ሳቀ፤ ግን አልለቀቃትም። "እንግዲያው የፊታችን እሁድ የሚያስቆሙት እንግዳ በሳምንቱ ከተመለሰ ይቀጥላሉ። ካልሆነ ኃላፊነቱን ለወይዘሮ ንኬትሲያ ያስረክባሉ።"

ወይዘሮዋ ይህን ቦታ ስትመኝ የኖረች ናት፤ ከዚህ ስም በላይ እትዬ አራባን የሚያንጨረጭር ስም በከተማው የለም።

እሁድ ዝናብ ጣለና እንግዳ ጠፋ። ዓይኗ ሲንከራተት መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከምሰሶው ኋላ፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ አገኘች።

"እንግዳ አለን! ጥግ ያሉት አባት፣ ይቁሙልን!"

ሽማግሌው ግራ ቀኙን አይቶ ቆመ። "ኤቦ አሚሳ እባላለሁ። መረብ እጠግናለሁ።"

"እንኳን ደህና መጡ! እዚህ ሲመጡ የመጀመሪያዎ ነው?"

"ኧረ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ኋላ ግን አፈርኩ፣ እኔም አላውቀውማ! እትዬ አራባ መቼ ትረታለች? "ምን ትገለፍጣላችሁ? ዘምሩ እንጂ!" አለች። ዘመርን፤ ሁላችንም ጨበጥነው።

ሲያበቃ ፓስተሩን በር ላይ ጠብቃ፣ "ይቆጠርልኝ!" አለችው። "ዐሥራ አንድ ዓመት ሲመላለስ የኖረ እንግዳ ከየት ይገኛል?"

"እሺ፣ እሳቸው በሳምንቱ ይምጡ ብቻ።"

በሳምንቱ የኤቦ ቦታ ባዶ ነበር። ወይዘሮ ንኬትሲያ እንግዳ ለመቀበል ተዘጋጅታ፣ አዲስ ነጭ ጓንት አጥልቃ መጥታለች። ሁለተኛው መዝሙር ሲያልቅ እትዬ አራባ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። "ነይ ተከተይኝ፣ ያንቺን ድምፅ የሚናፍቅ የለም።"

የኤቦን ቤት አናውቅም። ባሕሩ ዳር ጠየቅን፤ እዚያ የማያውቀው ሰው አልነበረም። ደጃፉ ላይ መረብ ዘርግቶ ሲጠግን አገኘነው።

"ታመው ነው?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምነው ቀሩ? ጉድ ሊሠሩኝ ነው እንዴ?"

ኤቦ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ዐሥራ አንድ ዓመት አንድም እሁድ ቀርቼ አላውቅም። ባለፈው ሁላችሁም ስትጨብጡኝ ጊዜ፣ እስቲ ብቀር የሚፈልገኝ ይኖር እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

እትዬ አራባ ዓይኗን ሰብራ መሬት መሬት አየች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ አንጀቴን በላችው።

"እትዬ፣ ይዘናቸው እንሂድ፤ ስብከቱ ሳያልቅ እንደርሳለን" አልኳት በሹክሹክታ። "ኋላ ወይዘሮ ንኬትሲያ ቦታሽን ትወስደዋለች።"

"ትውሰደው" አለችና መረቡን ገፋ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።