እየሳቁ መታመም

በኛ አገር መታመም ወግ አለው። ራስ በሻሽ ይጠፈራል፣ ፊት ወደ ግድግዳ ይዞራል፣ ሰው ሲገባ ይቃሰታል። ያላቃሰተ እንደሆነ ጠያቂው ቅር ይለዋል፤ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የመጣው ጤነኛ ሊያይ አይደለማ። እኔ ይህን ወግ ስንቀው ነው የኖርኩት። ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ይዤ ስለምውል የደብረ ታቦርን ራስ ምታት አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ሹሩባ ከመጥበቁ ነው፣ ግማሹ ከባል ነው። የልጄ ግን ከሁለቱም አልነበረም።

አምስተኛ ክፍል ስትገባ ጀመራት። መጀመሪያ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል፣ ከዚያ ራሷን በአንድ ወገን ይወቅራታል፣ ከዚያ ታስመልሳለች፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብታ ዝም። ዝም ነው የምላችሁ። ልጄ ሲያማት አታቃስትም፤ የገዛ ድምፅዋ ራሱ ያማታል። የመከራዋ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው። በኛ ሰፈር ዝም ያለ በሽተኛ አይታወቅም።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ምች መትቷት ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዋ ውስጥ አንቆረቆረችባት። ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ ደግሞ፣ በሰፈሩ ከእሳቸው በኋላ የሚናገር የለም፣ "አርፋ ትቀመጥ። ገመድ ዝላዩም ሩጫውም ይቅርባት" ብለው ፈረዱ። ይግባኝ የለም። ልጄም ብትሆን መንቀሳቀስ ፈርታ ነበር። አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ፀሐይ ላይ ስትሮጥ ተነሣባትና መሐል ሜዳ አስመለሰች፤ ልጆቹ ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ እንኳን ልትሮጥ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደግፍ ጀመር።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ማይግሬን ነው ብላ መድኃኒት አዘዘችላትና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከችን። እዚያ የሚሠራው ገና ጎረምሳ ነው። "ዶክተር አይደለሁም" ቢልም ማን ሰምቶት፤ ዶክተር ነው የምንለው። ወደ ውስጥ አስገባንና ምን ቢያሳየን ጥሩ ነው፤ ቴሌቪዥን። አናቱ ላይ ካሜራ ተቀምጦበታል። ልጅ ፊቱ ሲቆም ምስሉ እውስጡ ይታያል፣ ከላይ ፖም ይዘንባል፣ ልጁ እየዘለለ ፖሙን በእጁ ይመታል። ጌም ነው እንግዲህ።

"ሕክምናው ይኼ ነው?" አልኩት።

"አንዱ ነው።"

"ድንቄም ሕክምና።"

እንዲህ ስለው አላፈርኩም። ነገሩን አውቀዋለኋ። ዓረብ አገር ስሠራ የአሠሪዬ ልጆች ሳሎን መሐል ቴሌቪዥን ፊት እንዲህ ሲወራጩ፣ እኔ ከኋላቸው ያበላሹትን ምንጣፍ ሳቃና ነበር የምውለው። የሚሮጥበት ሜዳ የሌለው፣ ውሃ ቅዳ የሚለው ሰው የሌለው ልጅ ላቡን በመብራት ይገዛል እያልኩ ሆዴ እስኪቆስል ስቄባቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ለጉና ሥር ልጅ፣ ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቷ አቀበት ለሆነባት ልጅ፣ ቴሌቪዥን ፊት ዝለዪ ሊላት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አልኩ በሆዴ። በአፌም ሳይወጣ አልቀረም።

ጎረምሳው አልተቆጣም። "ሕመሙ በተነሣባት ሰዓት አይደለም፤ ያኔ መድኃኒቷን ውጣ ትተኛ" አለ። "ደህና በሆነች ቀን ግን ሰውነቷ ትንሽ በትንሽ እንዲለምድ ነው። ሜዳው ላይ ፀሐይ አለ፣ የሚያያት ሰው አለ፤ ፈርታዋለች። እዚህ መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ ብርሃኑንና ድምፁን እቀንሳለሁ፣ ሲበዛባት እናቆማለን። ያድናታል ብዬ አልምልልዎትም። ሕመሙን ያራርቅላት ይሆናል።"

አለመማሉን ወደድኩለት። የሚምል ሐኪም ብዙ አይቻለሁ።

እንዲህ ተጀመረ፤ መብራት ሲኖር ማለቴ ነው። መብራት ሲጠፋ ጎረምሳው ራሱ ፖም ሆኖ ከወዲያ ወዲህ ይዘልላት ነበር። ማሽኑ ደግሞ ሞኝ ነው። አንድ ቀን ልጄ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትከሻዋን አንቀጠቀጠችበት፤ እንደዚያ እየተውረገረገች "ተንቀሳቀስ" እያለ ይጽፍባት ጀመር። የጎንደርን ትከሻ እንቅስቃሴ ብሎ የማይቆጥር ማሽን ምኑን ማሽን ሆነ አልኩ። ልጄ ግን ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቶብኝ ስለነበር ማሽኑን መሳደቤን ትቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ወራት ሲያልፉ ሕመሙ እንደ ድሮው አልመላለስባት አለ። በመድኃኒቱ ይሁን በፖሙ እኔ አላውቅም። ደረጃውን ግን ግድግዳ ሳትደግፍ መውጣት ጀመረች።

ፈጽሞ አልተዋትም ግን። ሲመጣባት ደግሞ የሚያተርፋት አንድ ነገር ነበር። የክፍል አስተማሪዋ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈቅደውላት ነበር፤ ብልጭታው ሲጀምራት ሄዳ ትጋደማለች። ቶሎ ከተጋደመች ያልፍላትና ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ካልተጋደመች ቀኑ አለቀ። ያቺ ጥግ ከሌለች ለልጄ ትምህርት የለም።

እዚህ ላይ እድሩ መጣ። "ልጅቱ ሆስፒታል ትመላለሳለች" የተባለው ወሬ ሰፈሩን ዞሮ ሲያበቃ "ሆስፒታል ተኝታለች" ሆኖ አረፈው። የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነውና ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ከመኝታ ክፍል መኝታ ክፍል ሲፈልጉን ከርመው አንዱ ወደ ፊዚዮቴራፒ አመለከታቸው። ሰብሳቢዋ በሩን ከፈቱት። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ላብ በላብ ሆና፣ እየሳቀች ፖም ትመታለች።

"ይኼ ነው ሕመሟ?" አሉ።

"ግቡ እንጂ እትዬ" ብዬ ተነሣሁ። ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ ጎረምሳውም ሊያግዘኝ ሞከረ። እሳቸው ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ልጄን አዩ፣ "እግዜር ይማርሽ እንዳንላት ከምኑ ይማራት?" አሉና ሴቶቹን አስከትለው ወጡ። ዳቦውን ይዘው። ለበሽተኛ የመጣ ዳቦ ተመልሶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ሞቶ እንኳ ቢደርሱ ቤተሰቡ ይበላዋል እንጂ አይመለስም።

በማግስቱ ያልሰማ የለም። ሹሩባ የምሠራላት አንዲት ደንበኛዬ "ልጅሽ ትምህርት ጠልታ ጌም ቤት ነው አሉ የምትውል" አለችኝ፤ ጉንጉኗን ጠበቅ አደረግኩላት። ወሬው አስተማሪዋ ዘንድ ደረሰ። "ጌም መጫወት የቻለ መማር ይችላል" አሉና ጥጓን ከለከሏት። በዚያው ሳምንት ብልጭታው ሲጀምራት እጇን ብታወጣ "ተቀመጪ" አሏት። ፀሐይ በመስኮት ፊቷን እየመታት ዝም ብላ ተቀመጠች። እስኪደወል አልቻለችም፤ ደብተሯ ላይ አስመለሰች።

ሄድኩ ትምህርት ቤት። "የታመመ ሰው ያስታውቃል" አሉኝ አስተማሪዋ። "እሷ እኮ አታቃስትም እንኳ።" ማቃሰት ለካ እንደ ፈተና ማርክ ይያዝለታል። የመለስኩላቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጄ ከጎኔ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ጥጓን ግን አልመለሱልኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ሰው። ጤናዋን ባለመደበቋ መድኃኒት የተከለከለች ግን የኔን ልጅ ብቻ አየሁ።

ቅዳሜ ነው። ልጄ ደህና ነበረች፤ ግቢ ውስጥ የሌለ ፖም እየመታች ትዘላለች። የበራችን ቆርቆሮ ተንኳኳ። ሴቶቹ የማስመለሷን ወሬ ሰምተው መጥተዋል። ከፍቼ እስካስገባቸው ልጄ ከግቢው የለችም። ጓዳ ስንገባ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ከዚያ አቃሰተች። ሰብሳቢዋ ራሳቸው ሪህ ሲነሣባቸው እንደሚያቃስቱት አድርጋ፣ መሐሉ ላይ "እመቤቴ" የምትለዋን ሳትቀር ጨምራ። ሰብሳቢዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አሁንማ የምሯን ታማለች" አሉ። ተቀመጡ፣ ተጫወቱ፣ መረቁ። ዳቦውም ቀረ።

የማቃሰቷ ወሬ አስተማሪዋ ዘንድ ደርሶ በሳምንቱ ጥጓ ተመለሰችላት። ዳቦውን በላነው፤ ዳቦው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። የምር ሲያማት ግን እንደ ድሮው ዝም ብላ ነው የምትተኛው፤ ያኔ ማንም አይመጣም፣ መታመሟንም ማንም አያውቅም።

ባለፈው ጊዜ ቴሌቪዥኑ ክፍል አዲስ ልጅ አገኘን። ከሐሙሲት ከእናቷ ጋር የመጣች ናት፤ ከኔዋ ታንሳለች፣ ሕመማቸው አንድ ነው። መጀመሪያ ፈራች፣ ቀጥሎ ዘለለች፣ በመጨረሻ እየተንከተከተች ነበር። ሰዓቷ አልቆ ልትወጣ ስትል ልጄ በሩ ላይ ያዘቻት።

"ሳቅሽን እዚህ ጨርሺው" አለቻት። "ውጪ ስትወጪ ራስሽን ያዝ አድርጊ። ሰው ካየሽ ቀስ ብለሽ ተራመጂ።"

"አሁን እኮ አያመኝም" አለች ትንሿ።

"እሱን ማን ጠየቀሽ? ሲያምሽ እንዲያምኑሽ ነው።"

ያን ሁሉ ሰው ስንቅ የኖርኩት ሴትዮ ብድግ አልኩ። ልቆጣት ነበር፤ ተይ፣ አታስተምሪያት ልላት። በመስኮቱ ግን ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ዳቦ ተሸክመው የሆስፒታሉን ግቢ ሲያቋርጡ ይታዩኛል። ሻሼን ከራሴ ፈታሁና የትንሿን ልጅ ግንባር፣ እንዳያማት ላላ አድርጌ፣ አሰርኩላት።